ቤትና ባለቤት፤ ስለ አዲስ አበባ የቤት ይዞታ ታሪክ

በቋንቋችን «ባለቤት» የሚለው ቃል ሦስት ሥራ አለው። የንብረት ጌታ ባለቤት ይባላል፤ ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ ባለቤት ናቸው፤ በሰዋስው ትምህርትም ድርጊቱን የሚፈጽመው የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው። ልጅ አድጎ ትዳር ሲይዝ «ጎጆ ወጣ» እንላለን እንጂ «ኪራይ ገባ» አንልም። ከዚህ እንደምንረዳው፣ አባቶቻችን ቤትን ከዝናብና ከፀሐይ መጠለያ ብቻ አድርገው አልቈጠሩትም፤ ሰው በገዛ ሕይወቱ ላይ አድራጊ የሚሆንበት ሥፍራ አድርገው አይተውታል። ዳሩ ግን በዋና ከተማችን ጎጆ የወጣው ሁሉ የጎጆው ባለቤት ሆኖ አያውቅም። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ ታሪኩን በአጭሩ ለመመልከት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር እቴጌ ጣይቱ ከፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ የዳግማዊ ምኒልክም ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ ወደ ቈላው ወረደ። መኳንንቱም በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየተሰጣቸው ቦታ ከነሠራዊታቸው ሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው የዛሬ ቃላችን የመጣው ከዚሁ ነው፤ የራስ ብሩ ሰፈር፣ የደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እየተባለ እስከ ዘመናችን መጠራቱም የዚያ ምስክር ነው። ጌታው በኮረብታው ራስ ላይ አዳራሹን ሲያሠራ፣ ጭፍራውና አሽከሩ ከሥር ጎጆውን ይቀልስ ነበር። ጎጆው የራሱ ቢሆንም መሬቱ የጌታው ነበር። የከተማችን የቤት ነገር ከመነሻው ጀምሮ በዚህ ልዩነት ላይ እንደ ቆመ አንባቢ ልብ ይበል፤ ቤቱ የአንዱ፣ መሬቱ የሌላው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተማዪቱ ራሷ ትቀራለች ወይስ ትነሣለች የሚለው ነገር ገና አልተቈረጠም ነበር። እንጨት እያለቀ በመሄዱ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ሥራው ተጀምሮ ነበር። ከተማዪቱን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው፤ ለማገዶም ለማገርም ለቋሚም ሆነ። በኋላም በ1900 ዓ.ም. ገደማ የከተማ ቦታ በግል እንዲያዝና እንዲሸጥ የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ይዞታ በሥጦታና በአፍ ምስክር ብቻ ሳይሆን በወረቀትም መጽናት ጀመረ። ሰው የነገውን ቦታውን ሲያውቅ ዛፍ ይተክላል፤ ካላወቀ ግን ድንኳን ይተክላል።

ነገር ግን ወረቀቱ ለሁሉ አልደረሰም። የሚበዛው የከተማ መሬት በመኳንንቱ፣ በቤተ ክርስቲያንና በጥቂት ባለጸጎች እጅ ቆየ። ከገጠር የገባው ሠራተኛ በሰው ግቢ ውስጥ ክፍል እየተከራየ፣ ወይም በሰው መሬት ላይ የጭቃ ቤት እየሠራ ይኖር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ አዘዘ። በ1950ዎቹም ዓመታት ለቤት ሥራና ግዢ የሚያበድሩ ሁለት ተቋሞች ተመሠረቱ፤ እነዚህም ኋላ ተዋሕደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ሆኑ፤ ባንኩ ስሙ ወደ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ከተለወጠ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተቀላቅሏል። ሕጉም ብድሩም መልካም ነገር ነበር፤ ሆኖም በመያዣ ለመበደር መያዣ ያስፈልጋል፤ መሬት የሌለው ሰው ደግሞ ምን ያስይዛል?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለው። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተተወለት፤ ለቤት መሥሪያም እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲሰጥ ተደነገገ። ትርፍ ቤት ተወረሰ። እስከ 300 ብር የነበረው ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር እጅ ገቡ። በዚያን ጊዜ የተከራዩ ደስታ እውነተኛ ደስታ እንደ ነበር መካድ አይገባም፤ ለልጆቹ ዳቦ መግዣ አትርፎለታልና። በዕድሜ ዘመኑ አጠራቅሞ ሁለተኛ ቤት የሠራና በእርጅናው በኪራይ ሊጦር ያሰበ ሰው ኀዘንም እንደዚሁ እውነተኛ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን ሁላችን በዐይናችን አይተነዋል። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለጥገና የማይበቃ ሆነ። ቀበሌው ገንዘብ ስለሌለው አያድስም፤ ተከራዩም «የእኔ አይደለም» ብሎ አያድስም። ምርጊቱ ሲረግፍ፣ ማገሩን ምስጥ ሲበላው፣ ቆርቆሮው ሲያፈስ ቤቱ ባለቤት እንዳጣ ያስታውቃል። በአንድ ክፍል ላይ ደባል እየተጨመረ ሦስት ትውልድ በአንድ ጣራ ሥር አደገ። ኪራዩ መርከሱ ቤቱን ርካሽ አላደረገውም፤ ዋጋው በሌላ መንገድ ተከፈለ እንጂ። ከእነዚያ አሮጌ ሰፈሮች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ በፒያሳ የነበረው ዶሮ ማነቂያም በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም መሬት ወደ ግል አልተመለሰም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታን በሊዝ ማስያዝን ጀመረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና፤ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት የሚደርስ ዘመን ወሰነ። በመካከሉም የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ሕዝቡ «ኮንዶሚኒየም» የሚለው፣ ተጀመረ። በ1997 ዓ.ም. በመቶ ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. እንደገና በ10/90፣ በ20/80ና በ40/60 ተመዝግቦ መቈጠብ ጀመረ። አሠራሩም ተመዝጋቢው የፊተኛውን መቶኛ ቈጥቦ፣ የኋለኛውን በባንክ ብድር እንዲከፍል ነው። ቤቱም የሚደርሰው በዕጣ ነው። በዚህ ዕድል ብዙ ቤተ ሰብ የቤት ባለቤት ሆኗል። ይሁን እንጂ የተመዝጋቢው ቍጥርና የተሠራው ቤት ስላልተመጣጠኑ፣ ወጣት ሆኖ ተመዝግቦ ጠጕሩ እስኪሸብት ድረስ ዕጣውን የሚጠብቅ ሰው በየመሥሪያ ቤታችን አለ።

ዛሬ በገበያው ላይ የሚታየው የዋጋ ውድነት እንግዲህ ድንገት የመጣ አይደለም። ፈላጊው ብዙ፣ ቤቱ ጥቂት ነው፤ ቦታ በጨረታ ይያዛል፤ ሲሚንቶና ብረት ተወድደዋል፤ የብር የመግዛት አቅም ሲቀንስም ገንዘብ ያለው ሰው ሊኖርበት ሳይሆን ሀብቱን ሊያስቀምጥበት ቤት ይገዛል። ደመወዝተኛው ከእንዲህ ያለው ገዢ ጋር በአንድ ገበያ ይወዳደራል። ተከራዩን ለመጠበቅ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህን መብቱን የማያውቅ ተከራይ ግን አዋጁ እንዳልወጣለት ይቈጠራል።

አንድ የሥራ ባልደረባችን የደረሰበትን ብንናገር ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ይህ ሰው የዐሥራ አንድ ዓመት ዕቁብና ቍጠባውን አሰባስቦ፣ በደላላ አገናኝነት ለአንዲት አነስተኛ ቤት ቀብድ ከፈለ። ወረቀቱን ስለ መመርመር ብንጠይቀው፣ «ሻጩ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ሰው ፊት ተነጋግረናል፤ ካርታውንም ዐይቻለሁ» አለን። ካርታውን ማየቱ እውነት ነበር። ያላየው ግን ቤቱ በባንክ ዕዳ መያዣ መሆኑንና የሻጩ ባለቤት በሽያጩ አለመስማማታቸውን ነው። ሽያጩ ፈረሰ፤ ከቀብዱም ያስመለሰው ከእኩሌታው በታች ነው። እኛም በቢሮአችን የሰው ጕዳይ ሲመጣ ማኅተሙንና ፊርማውን አገላብጠን የምናይ ሰዎች፣ በራሳችን ጕዳይ በአፍ ቃል ማመናችን በጣም አሳፈረን።

ስለዚህ ቤት ለመግዛት ለሚያስብ ሁሉ ታሪኩ የሚሰጠውን ምክር እንዲህ እናሳጥረዋለን። አንደኛ፣ ከግድግዳው በፊት ወረቀቱን መመርመር ነው፤ ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ስንት ዘመንና ስንት ክፍያ ቀርቶታል? ዕዳና እገዳስ አለበትን? ይህም ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከመዝገቡ ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ በ1992ቱ የቤተ ሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንደማይሸጥ ማወቅ ነው። ሦስተኛ፣ የቃል ስምምነት፣ ቀብድ ቢከፈልበትም እንኳ፣ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይሆን አለመርሳት ነው። አራተኛ፣ የብድሩ ወርኃዊ ክፍያ ከደመወዙ ላይ ተነሥቶ ለቤተ ሰቡ ቀለብ፣ ለልጅ ትምህርትና ለሕክምና የሚተርፈውን አስቀድሞ መቍጠር ነው። ቤት ገዝቶ በውስጡ መራብ ባለቤትነት አይባልም።

ምክሩ ግን ለገዢ ብቻ አይደለም። በመዝገብ ቤትና በመሬት ጽሕፈት ቤት ለምንሠራ ሰዎችም አለን። የከተማችን ታሪክ እንደሚያስረዳው ምኒልክም፣ ደርግም፣ ከዚያ በኋላ የመጣውም አስተዳደር ስለ ቤት ሕግ አውጥቷል፤ ሕዝቡ ግን በየዘመኑ የጠየቀው ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ነገ በዚህ ቤት እኖራለሁን?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ባገኘበት ሰፈር ሰው ግድግዳውን ይለስናል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ዕድር ይመሠርታል፤ መልስ ባጣበት ደግሞ ቤት ቆሞ ይፈርሳል። በጠረጴዛችን ላይ የሚያድር አንድ ፋይልም ለአንድ ቤተ ሰብ ይህን መልስ የሚያዘገይ መሆኑን ብናስብ ሥራችን ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

እንግዳ ሲመጣ ከመቀመጫችን ተነሥተን «ቤት ለእንግዳ!» እንላለን። ይህን የሚል ሰው ቤቱን ለሌላ ሊያካፍል የሚችል፣ ነገም በዚያው እንደሚገኝ የሚያምን ሰው ነው። የራሱ ካርታ ኖረው ወይም የጸና የኪራይ ውል፣ ሁሉም የከተማችን ነዋሪ ይህን ቃል ያለ ሥጋት የሚልበትን ቀን እንድናይ ምኞታችን ነው።