ጉልቻው የት ይቀመጥ?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገሬ ሰው። አባባሉ የሚነገረው በሹም ሽር ጊዜ ነው፤ ሰዉ ተቀያየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው ለማለት። ወጥ ቤት ገብቶ ላየው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የጉልቻው ቦታ የወጡን ጣዕም ባይለውጥ እንኳ የባለሙያዋን ዓይን፣ ሳንባና ወገብ ይለውጣል። ለመሆኑ ቦታ ሲጠብ ጉልቻው የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ማን ነው? አሶሳን ሳይ በአእምሮዬ ሲመላለስ የቆየው ጥያቄ ይኸው ነው።

አውሮፓ ለዚህ ጥያቄ ስሙ የገነነ መልስ የሰጠችው በ1926 እ.ኤ.አ. ነው። የቪየና ተወላጇ አርክቴክት ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ በጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ ለሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ የሆነች ወጥ ቤት ነደፈች። አርአያዋ የባቡር ምግብ ቤት ጠባብ ማብሰያ ክፍል ነበር። ከምድጃ እስከ ገንዳ፣ ከገንዳ እስከ ጠረጴዛ ያለው እርምጃ ተቆጥሮ እንዲያጥር ተደረገ። ወደ 10,000 የሚሆኑ ወጥ ቤቶች በዚህ ዓይነት ተሠሩ። ዛሬ በከተሞቻችን ግድግዳ ተከትሎ የሚደረደረው ካቢኔት የዚያች ወጥ ቤት የልጅ ልጅ ነው።

የእኛ መለኪያ ግን እርምጃ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ምጣድና ጭስ አሉ። የምጣድ ወርድ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በዙሪያው ደግሞ ሊጡ፣ ሰፌዱ፣ አክንባሎውና ማገዶው ቦታ ይሻሉ። ስለዚህ ቦታ የተረፈው ሰው ሥራውን ይከፋፍላል። በነገሥታቱ ግቢ እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤትና ጠጅ ቤት ለየብቻቸው ነበሩ። ባላገሩም አቅሙ ከፈቀደ ማድ ቤቱን ከመኖሪያው ያርቃል። ካልፈቀደ እሳቱን ጓዳ አስገብቶ ከጭሱ ጋር ይኖራል።

ቤኒሻንጉል ስንደርስ ደግሞ የምጣድ አዛዥነት ይላላል። የበርታውና የጉሙዙ ገበታ ዋነኛ ምግብ የማሽላ ገንፎ ነው። ገንፎ ደግሞ ሦስት ድንጋይ፣ አንድ ማሰሮና ማማሰያ የምታዞር ሴት የምትቀመጥበት ስፍራ ይበቃዋል። አካባቢው የቀርከሃ አገር ነው። ጭቃ ያልተመረገበት የቀርከሃ ግድግዳ እንደ ወንፊት ነው፤ ጭሱን ያሳልፋል፣ ብርሃኑን ያስገባል። እዚያ መስኮት ማለት ግድግዳው ራሱ ነው።

ታሪክ ሁለቱን ማድ ቤቶች ያገናኘው በክፉ ቀን ነው። ደርግ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ ከመታቸው አካባቢዎች ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በሠፈራ ሲያንቀሳቅስ፣ ያኔ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው አሶሳ ብዙ ወሎዬዎች ተወሰዱ። የሠፈራ መንደሮቹ በቁጥር ተሰየሙ፤ ዛሬም «አምባ» ከሚለው ስም ጋር ቁጥራቸውን ይዘው የሚጠሩ አሉ። ጎጆዎቹም ቀጥ ባለ መስመር ተሰለፉ።

እስቲ አንባቢ ከእኔ ጋር ያስላ። ከግድግዳ ግድግዳ 4 ሜትር የሆነ ክብ ጎጆ ብናስብ ወለሉ 12.5 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለምጣዱ፣ ለማገዶውና ለጋጋሪዋ 3 ካሬ ሜትር ብንሰጥ ከቤቱ አንድ አራተኛው ገደማ ሄደ። ልጆች የሚተኙት፣ እህል የሚቀመጠው በቀረው ነው። መስመር ለቆጠራ ይመቻል፤ ነፋስ ግን መስመር አይጠብቅም። ቤቷን ራሷ ያላቀደች ሴት በሯ ወዴት እንዲዞር አልተጠየቀችም።

በአሶሳ ዙሪያ በሠፋሪዎች ግቢ ካየኋቸው ማድ ቤቶች መካከል ከጎጆው ጀርባ የተቀጠሉ፣ ግድግዳቸው ሳይመረግ የተተወ የቀርከሃ ዛኒጋባዎች ይገኙባቸዋል። ምጣዱ ወደ በሩ ተጠግቷል፤ ማገዶው ከዝናብ ተከልሏል፤ ሊጡ ከእሳቱ ርቆ ጥግ ይዟል። የወሎ ምጣድ የቤኒሻንጉልን ግድግዳ ተዋሰ ማለት ነው። ይህን ፕላን ያወጣው መሐንዲስ አልነበረም፤ ዓይኗ በጭስ የተቃጠለ ሴት እንጂ።

ታሪኩ በአዲስ አበባም ተደግሟል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በተገነቡት ኮንዶሚኒየሞች እንጀራ መጋገሪያና በግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ሕንጻ ለብቻ ታስቦ ነበር። ምጣድ ከክፍሉ ጋር እንደማይስማማ ታውቋል ማለት ነው። ያም ሆኖ ብዙው ነዋሪ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ይዞ ፎቅ ወጣ። 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው የካቢኔት መደርደሪያ ላይ ምጣዱ ከነማቀፊያው ሲቀመጥ ለሌላ ሥራ የሚተርፍ ቦታ የለም። ስለዚህ ኮሪደር ወይም በረንዳ ላይ ያርፋል።

ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። እንግዲህ ቤት የምትሠሩ፣ የምትከራዩ፣ የምታድሱ ሁሉ ካቢኔት ከማዘዛችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምጣዱ የት ያርፋል? ጭሱና እንፋሎቱ በየት ይወጣል? ጋጋሪዋስ የት ትቀመጣለች? ሦስተኛውን ጥያቄ ለራሷ ለጋጋሪዋ አቅርቡላት። መልሱን ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት።