ጥርስና ጉልበት በደምቢያ

ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደምቢያ ሜዳ ላይ የምትገኘው ኮላ ድባ በአገራችን የሕክምና ታሪክ ስሟ ከወባ ጋር ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ፈጀ። በማግስቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ሄልዝ ኦፊሰሮች፣ ኮሚዩኒቲ ነርሶችና ሳኒቴሪያኖች እየሠለጠኑ ወደ ገጠር ወጡ፤ ኮላ ድባም ከማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎቹ አንዷ ሆነች። ጅምሩ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ይሁን እንጂ ከወረርሽኝ የተወለደ የጤና ሥርዓት አስቀድሞ የሚቆጥረው ፈጥኖ የሚገድለውን ነው። ቀስ በቀስ አቅም የሚያሳጣው የአረጋውያን ጥርስ ማለቅ ከቁጥር ውጭ ቀረ፤ የቀረውም እንደ እርጅና ዕጣ ስለታየ ነው። ጥርስ ግን የጉልበት ጉዳይ ነው፤ አረጋዊው በእግሩ ቆሞ መኖሩ በከፊል በአፉ ጤና ላይ ያርፋል።

የጎንደር ሰው አፉን ቸል ብሎ አያውቅም ነበር። ከወይራ የተቆረጠ ቀንበጥ ቅርፊቱ ይላጥና ጫፉ እየታኘከ እንደ ቡሩሽ እስኪፈረፈር ይለሰልሳል፤ በዚያ መፋቂያ ጥርሱ አንድ በአንድ ይፋቃል። ሴቶች በእሾህና በጥላሸት ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ለውበት ብቻም አይደለም፣ የሚደማ ድድ ያጠነክራል ተብሎ ይታመን ነበርና። ንቅሳቱ ድድ ስለመፈወሱ ማስረጃ ባይኖርም ልማዱ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ ጥርስን የሚይዘው ድድ እንደሆነና ጥርሱ ሳይወድቅ መጠበቅ እንዳለበት ሰዉ ተረድቶ ነበር።

ጥርስና እርምጃ መያያዛቸውን ዛሬ ጥናት ያሳያል። በጃፓን ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ 1,763 ሰዎችን ለሦስት ዓመት ተከታትለው ነበር። ከ20 ያነሰ ጥርስ የቀራቸውና ሰው ሠራሽ ጥርስ የማያደርጉት፣ 20 እና ከዚያ በላይ ካላቸው ጋር ሲነጻጸሩ ደጋግሞ የመውደቅ ዕድላቸው ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ሆነ። ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚያደርጉት ላይ ግን ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ምክንያቱም ለመረዳት አያዳግትም። ማኘክ ያቃተው ሰው ሥጋውን፣ ቆሎውን፣ ንፍሮውን ይተዋል፤ ፕሮቲን ሲጎድለው የጭኑ ጡንቻ ይሳሳል። የታመመ ድድም ብግነቱ በደም ወደ ሌላው አካል ይደርሳል።

ጥርስንም ጉልበትንም የሚያሳጣው ድህነት ነው፤ አንዱ የሌላው ምክንያት አይደለም የሚል ይኖራል። ድህነት ሁለቱንም መጉዳቱ እውነት ነው። ነገር ግን በእንግሊዝ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆነ ከ3,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ሀብት፣ ትምህርትና ሕመም ከግምት ገብተውም ጥርስ የሌላቸው በእርምጃ ፍጥነት በመጠኑ ወደኋላ ቀርተው ተገኝተዋል። በእኛ አገር የበለጠ ክብደት ያለው ሙግት ሌላ ነው፤ ሽሮና ፍትፍት ጥርስ አይጠይቁም። እውነት ነው፤ ከሽምብራና ከባቄላ የሚሠራው ሽሮ ለጿሚ አገር ትልቅ የፕሮቲን ምንጭ ነው። ሆኖም አፉ የሚያመው ሰው ሁሉንም ምግብ ይቀንሳል፤ በችግር ቤት ለአረጋዊ የሚቀርበው ለስላሳ ምግብም ብዙ ጊዜ አጥሚትና ገንፎ ነው። የቆሰለ ድድ ደግሞ በሽሮ አይድንም።

በደምቢያ ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ ገበያ መውጣት፣ ለቅሶ መድረስ፣ ለሽምግልና መቀመጥ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ እግሩ የደከመ ሽማግሌ ከማኅበራዊ ኑሮው ይጎድላል። ጃፓን ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው በ80 ዓመቱ 20 ጥርስ እንዲኖረው ትሠራለች። እኛም ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የአረጋዊን አፍ እንዲያዩ፣ የሚደማ ድድ በጊዜ እንዲታከም፣ የተነቀለ ጥርስ የሚተካበት መንገድ እንዲኖር መጠየቅ አለብን። ወባን ለመከላከል ገጠር ድረስ የወረደ የጤና አገልግሎት፣ አረጋውያን በእግራቸው ቆመው እንዲኖሩም ሊደርስላቸው ይገባል።