የውኃ ልኬትን በሬዲዮ ሞደም መላክ፦ የሽቦው አያያዝና የሞደሙ ቅንብር

ሐይቅ፦ በደቡብ ወሎ ዞን፣ ከደሴ ከተማ በስተሰሜን የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ ውኃ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። በመሆኑም የዝናቡ መጠን፣ ትነቱና ለመስኖ የሚሳበው ውኃ በሐይቁ ከፍታ ላይ ይንጸባረቃል። ይህን መሰል ለውጥ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ የስልክ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ስፍራ ልኬቱን ወደ ጽሕፈት ቤት ከሚልክባቸው መንገዶች አንዱ ሬዲዮ ሞደም ነው።

መዝጋቢው ከሞደሙ ጋር የሚገናኘው በሲሪያል መስመር ነው። መረጃው በአንድ ሽቦ ላይ አንዱ ምልክት ሌላውን ተከትሎ ይጓዛል።

ሽቦው እንዴት ይያያዛል?

አር ኤስ 232 ለተባለው የተለመደ ስልት ሦስት ሽቦዎች ይበቃሉ፤ እነርሱም ላኪ፣ ተቀባይና የጋራ መሬት ናቸው። ባለ ዘጠኝ እግር መሰኪያ ላይ እነዚህ በ2፣ በ3 እና በ5 ቁጥር እግሮች ላይ ይገኛሉ። የአንዱ መሣሪያ ላኪ ከሌላው ተቀባይ ጋር መገናኘት አለበት። ላኪ ከላኪ ጋር ከገጠመ ሁለቱም ይናገራሉ፤ የሚሰማ ግን የለም። ችግሩ ይህ ከሆነ 2ኛውንና 3ኛውን ሽቦ ማቀያየር መፍትሔ ይሆናል።

ይህ ስልት በተለምዶ ከ15 ሜትር ለማይበልጥ ርቀት ነው። መለኪያው በሐይቁ ዳር፣ ሞደሙ ደግሞ ከፍ ባለ ስፍራ ከሆነ፣ በተጠማዘዙ ጥንድ ሽቦዎች እስከ 1 ሺህ 200 ሜትር የሚዘልቀው አር ኤስ 485 ይመረጣል። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይም 120 ኦም መቋቋሚያ ይገጠማል።

ቅንብሩ

መዝጋቢውና ሞደሙ በአንድ ፍጥነት መነጋገር አለባቸው። ለምሳሌ አንዱ በሰከንድ 9 ሺህ 600 ቢት ከተሞላ ሌላውም እንዲሁ መሞላት ይኖርበታል። ፍጥነቱ ካልተጣጣመ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ይመጣሉ። የዳታ ቢት፣ የማረጋገጫ ቢትና የማቆሚያ ቢት ቁጥርም በሁለቱ ወገን አንድ መሆን አለበት። በሬዲዮው በኩል ደግሞ የላኪውና የተቀባዩ ሞደሞች ፍሪኩዌንሲና የኔትወርክ መለያ ይመሳሰሉ። ፈቃድ ለሚጠይቅ ፍሪኩዌንሲ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው።

ጥንቃቄ

ሞደሙን ያለ አንቴና ማስተላለፍ ማስጀመር ሊያበላሸው ይችላል። የአምባሰልን የመሰለ ተራራ በመካከል ካለ ሞገዱ ስለሚጋረድ፣ ከፍታ ላይ የሚቆም አቀባባይ ጣቢያ ያስፈልጋል። መብረቅ በሚበዛበት ደጋ ደግሞ የአንቴናውን ምሰሶ ከመሬት ጋር ማያያዝ ሊዘነጋ አይገባም።

ከሁሉ በላይ፣ ያልደረሰ ልኬትና ያልዘነበ ዝናብ አንድ አይደሉም። ሽቦው ሲላላ የሚቀረው ባዶ ቦታ “ዜሮ” ተብሎ ከተመዘገበ፣ አርሶ አደሩ የመስኖ ተራውንም ሆነ የዘር ጊዜውን በሐሰት ቁጥር ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ባዶው ባዶ ተብሎ ይጻፍ። የሞደሙ ቅንብርም በወረቀት ተጽፎ በሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ ባለሙያው ቢቀየር ቀጣዩ ከዚያ ይጀምራል።