የርቀት ዋጋ፤ ከማንኪራ እስከ አዲስ አበባ

በከፋ ምድር፣ የቡና መገኛ እየተባለ በሚነገርለት በማንኪራ፣ ርቀት ጥንት የሚለካው በእግር ነበር። የግማሽ ቀን መንገድ የተባለ ገበያ ለሁሉም የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በቅሎ ያለው ድካሙ ይቀልለት እንደ ሆነ እንጂ መንገዱ ለማንም አያጥርም። ቡናውንና ዝባዱን ከቦንጋ ጭኖ ይጓዝ የነበረው ሲራራ ነጋዴም መንገዱን የሚቈጥረው በአዳር ነበር። ከዚሁ ምድር ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ግን ሌላ መለኪያ ይጠብቀዋል፤ በዚያ ርቀት የሚለካው በኪስ ገንዘብ ነው። ይህ መለኪያ እንዴት እንደ መጣና በታሪካችን ውስጥ ምን እንዳስከተለ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው በየኰረብታው ሰፈሩ፤ በሰፈርና በሰፈር መካከልም ወንዝና ገደል ቀረ። ይህ ተበታትኖ የመስፈር ጠባይ ነዋሪዋን ከመጀመሪያው አንሥቶ የመንገድ ባለዕዳ አደረገው። በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ ቀረበ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ ደረሰ። የፈረስ ጋሪም ሰውና ዕቃ አመላለሰ። አዲሱ መለኪያ በሰፈር ስም ላይ ሳይቀር ታተመ፦ አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ።

ለሰፊው ሕዝብ እውነተኛው ለውጥ የመጣው ግን ጠላት ከተባረረ በኋላ ነው። በ1930ዎቹ ሥራ የጀመረው አንበሳ አውቶቡስና ኋላም ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ትንሿ ሰይቸንቶ ታክሲ፣ ሠራተኛው ከሥራው፣ ተማሪው ከትምህርት ቤቱ ርቆ እንዲኖር አስቻሉ። ከተማይቱም በዚሁ መጠን ሰፋች። ነገር ግን ርቆ መኖር የተቻለው የመሳፈሪያው ሳንቲም እስካለ ድረስ ብቻ ነበር።

የዚህ ነገር ክብደት በገሃድ የታየው በ1966 ዓ.ም. ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሳቢያ ነዳጅ በዓለም ገበያ ሲወደድ፣ መንግሥት በአገር ውስጥም የቤንዚንን ዋጋ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ በዚያው ቀን አድማ መቱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የቤንዚኑ ዋጋ እንዲቀንስ ተደረገ፤ ነገሩ ግን በዚያ አልበረደም። በጦሩ ውስጥ የተነሣው ዐመፅ ተጨምሮበት፣ የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። አብዮቱን የወለደው የቤንዚን ዋጋ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የመሬት ጥያቄና የወሎ ረኃብ ነበሩና። ሆኖም ሐዘንና ብሶት በየቤቱ ተሸሽጎ ሲኖር፣ ታክሲው ሲቆም መንገዱ ራሱ ባዶ ሆኖ መሰከረ። ዝምታን ማንበብ የሚያውቅ ተመልካች ከዚህ የበለጠ ትዕይንት አያሻውም።

ከአብዮቱ በኋላ አንበሳ የመንግሥት ንብረት ሆነ። ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀመጥባቸውን ታክሲዎች ሕዝቡ “ውይይት” አላቸው፤ የዘመኑን የውይይት መድረክ እያሰበ በፈገግታ ያወጣው ስም ነው። ቀጥሎ ሚኒባሱና መድረሻውን እየጠራ ተሳፋሪ የሚሰበስበው ወያላ መጡ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ፤ ይሁንና ከጊዜ በኋላ በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር የሕዝብ ማመላለሻዎችን ለይቶ መደጎሙ፣ የየካቲትን ትምህርት የሚያስታውስ ይመስላል።

እንግዲህ ከተማን የሚያቅድ ሰው ካርታውን ሲዘረጋ ሁለት ሰፈሮችን በአንድ መሥመር ያገናኛል። በዚያ መሥመር ላይ ግን ሒሳቡን ከዳቦው ቀንሶ የሚከፍል ሰው አለ። ሳንቲሙ ሲያልቅበት ያ ሰው እንደ ማንኪራ አባቶቹ በእግሩ ይሄዳል፤ ልዩነቱ በማንኪራ ጎረቤቱም አብሮት ይራመድ ነበር፣ በከተማ ግን ጎረቤቱ በአጠገቡ በመኪና ያልፈዋል። የታሪፍ ወረቀት በሚፈረምበት ጠረጴዛ ዙሪያ ይህ እግረኛ ሊታሰብ ይገባዋል።