አጫዋቹና ተዋናዩ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተስፋዬ ሣህሉን ሕዝብ የሚያውቃቸው «አባባ» በሚለው ስም ነው። ከ40 ዓመት በላይ ለሕፃናት ተረት ሲያወሩና ሲያጫውቱ ስለ ኖሩ፣ ብዙ ሰው የቴሌቪዥኑን አጫዋች የሰውየው ሙሉ ጠባይ አድርጎ ወሰደው፤ የቴአትር ሥራቸውም በዚሁ ተሸፈነ።

ይሁን እንጂ ቴሌቪዥን ከመምጣቱ አስቀድሞ ተዋናይ ነበሩ። ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ወክለው ተጫውተዋል፤ በ«ኦቴሎ»ና በ«ሀሁ በስድስት ወር»ም ተሳትፈዋል። ሴትን መስሎ ለመታየት ድምፅን፣ አካሄድንና የእጅን አኳኋን ማጥናት ግድ ነው፤ ፌዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ በኀዘኑ ትርኢት ላይ በሳቀ ነበር። ስለዚህ «አባባ» ራሱ ተዋናዩ የፈጠረው አንድ ገጸ ባሕርይ ይመስለኛል። በ2009 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ሕዝቡ በዚያው ስም ሲጠራቸው ኖሯል።