የሰውን ቃል ማገድ፦ የሐጅር ድንጋጌ ታሪካዊ አመጣጥ

«ሐጅር» የሚለው የዐረብኛ ቃል መከልከል፣ ማገድ ማለት ነው። አእምሮም ባለቤቱን ከጥፋት ስለሚያግደው ከዚሁ ሥር በወጣ ስም፣ «ሒጅር» ተብሎ፣ በሱረቱል ፈጅር ተጠቅሷል። በፊቅህ አነጋገር ሐጅር አንድ ሰው በገንዘቡ ላይ የሚፈጽመው ሽያጭ፣ ስጦታ ወይም ሌላ ውል እንዳይጸና ማድረግ ነው። ሕፃንና እብድ የማንም ፍርድ ሳያስፈልግ የታገዱ ስለ መሆናቸው በዑለማዎች ዘንድ ክርክር የለም። ክርክሩ የበረታው ለአካለ መጠን በደረሰና አእምሮው ባልተነካ፣ ነገር ግን ገንዘቡን በሚያባክነው «ሰፊህ» ላይ ነው። ይህ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ እንደ ደረቅ የግብይት ሕግ ተነብቦ ይታለፋል፤ ታሪኩን ለመረመረ ግን በገንዘብና በሰው ክብር መካከል የተደረገ ረጅም ሙግት ነው።

መነሻው ሱረቱን ኒሳእ ነው። አምስተኛው አንቀጽ ገንዘብ ለሰፊሆች እንዳይሰጥ ሲከለክል በዚያው ቃል ከገንዘቡ እንዲመገቡ፣ እንዲለብሱና በመልካም ንግግር እንዲያዙ ያዛል። ስድስተኛው ደግሞ የቲሞች እንዲፈተኑና ቅን አስተዳደር፣ ማለትም «ሩሽድ»፣ ሲታይባቸው ንብረታቸው እንዲመለስላቸው ያዛል። ክልከላው በሁለቱም ቦታ ለታገደው ሰው ጥቅም የቆመ እንደ ሆነ ልብ ይሏል።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በጭንቅላቱ ላይ በደረሰ ጉዳት አእምሮው የደከመ አንድ የአንሷር ሰው ነበር፤ ከፊሎቹ ዘገባዎች ሐባን ቢን ሙንቂዝ፣ ሌሎቹ አባቱ ሙንቂዝ ቢን ዐምር ነው ይላሉ። በገበያ ደጋግሞ ስለሚታለል ቤተሰቦቹ እንዲታገድላቸው ለመኑ። ነቢዩም ጠርተው ከመሸጥ ከለከሉት። እርሱ ግን ከንግድ መታገሥ እንደማይችል ሲናገር፣ በውሉ ጊዜ ማታለል እንዳይኖር በቃል እንዲያሳስብ አዘዙት፤ በአንዳንዶቹ ዘገባዎችም የሦስት ቀን የመመለስ መብት ሰጡት። ለድክመቱ የሚመጥን ከለላ አግኝቶ ከገበያው ሳይወጣ ቀረ።

በዑስማን (ረ.ዐ.) ኸሊፋነት ጊዜ ዐብዱላህ ቢን ጃዕፈር መሬት በውድ ዋጋ ገዛ። አጎቱ ዓሊ (ረ.ዐ.) እንዲያሳግዱት ወደ ኸሊፋው እንደሚሄዱ ተናገሩ። ዐብዱላህ ይህን ሰምቶ ለዙበይር ቢን አል-ዐዋም ቢነግራቸው፣ ዙበይር በግዢው ሸሪክ ሆንኩ አሉት። ዑስማንም ዙበይር ሸሪክ የሆኑበትን ግዢ እንዴት ላግድ ብለው ጥያቄውን መለሱት። ሦስተኛው ዘገባ በቡኻሪ የሚገኘው የእናታችን የዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነው። በለጋስነታቸው የተጨነቀው የእህታቸው ልጅ ዐብዱላህ ቢን ዙበይር ካልተዉ አግዳቸዋለሁ ማለቱን ሲሰሙ ዳግመኛ ላያናግሩት ተሳሉ። የታረቁትም ሌሎች ሶሓቦች በብርቱ ካማለዱ በኋላ ነው፤ ለስለቱም አርባ ባሪያ ነፃ አወጡ።

በሦስቱም ዘገባዎች ውስጥ እገዳ የሚጠይቀው ዘመድ ነው፤ በአንዳቸውም ሙሉ እገዳ ጸንቶ አልቀረም። ይሁንና ኢማም ሻፊዒይ የዐብዱላህ ቢን ጃዕፈርን ነገር ለሐጅር መኖር ማስረጃ አድርገውታል። ሐጅር የማይታወቅ ቢሆን ኖሮ ዓሊ ባልጠየቁ፣ ዑስማንም በዙበይር ሽርክና ፈንታ ሕጉ ራሱ የለም ብለው በመለሱ ነበር። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ለእኔ ግን ዘገባዎቹ ከሐጅር መኖር እኩል ሶሓቦች ሐጅርን ለመፍረድ ምን ያህል እንደ ዘገዩ ያሳያሉ።

አቡ ሐኒፋህ (80–150 ዓ.ሒ.) ይህን ዝግታ ወደ መርሕ አደረሱት። በእርሳቸው አቋም ለአካለ መጠን የደረሰ ጤነኛ ሰው በአባካኝነቱ አይታገድም፤ ሩሽድ ሳያሳይ ያደገም ገንዘቡ እስከ 25 ዓመቱ ብቻ ይያዝበታል። መርጊናኒ በ«አል-ሂዳያህ» እንዳብራሩት፣ የሰውን ቃል ከንቱ ማድረግ ከሰብአዊነት አውርዶ ከእንስሳ ጋር መቁጠር ነው፤ ይህም ገንዘብን ከማጣት የከፋ ጉዳት ነው። እኒሁ ኢማም ግን ሦስት ሰዎችን ለሕዝብ ደኅንነት ሲሉ አግደዋል፦ አላዋቂ ሐኪም፣ የሕግ ማምለጫ ብልሃት የሚያስተምር ኀፍረተ ቢስ ሙፍቲ፣ የጭነት ከብት ሳይኖረው ኪራይ ተቀብሎ ተጓዥን የሚያስቀር አከራይ። ፈትዋ ለሚሰጥ ሁሉ መካከለኛው ስም ሊያሳስበው ይገባል። ደቀ መዛሙርታቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን ከማሊክና ከሻፊዒይ ጋር ሆነው የሰፊህን መታገድ ተቀበሉ፤ በመዝሀቡም የጸናው የእነርሱ ቃል ነው። ሁለቱም በአንድ ነገር ተለያይተዋል፦ ለሙሐመድ ማባከኑ ብቻ ሲያግድ፣ ለአቡ ዩሱፍ ያለ ቃዲ ፍርድ እገዳ የለም።

የታገደ ሰው ምን ያጣል? ሰፊህ ሽያጩና ስጦታው አይጸናለትም፤ ሶላትና ጾም ግን ግዴታው ናቸው፤ ፍቺውም በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ይጸናል። እብድ ከዚህ ሁሉ ተጠያቂነት ነፃ ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) በዝሙት የተከሰሰች እብድ ሴት እንድትወገር ባዘዙ ጊዜ፣ ዓሊ ብዕር ከሦስት ሰዎች መነሣቱን አስታውሰዋቸው ተለቃለች። ሆኖም ሕፃንም እብድም ንብረት ይይዛሉ፣ ይወርሳሉ፣ የሰው ንብረት ቢያጠፉም ከገንዘባቸው ይከፈላል። የዘካው ነገር አከራካሪ ነው፦ ብዙኃኑ ከገንዘባቸው ይወጣል ሲሉ ሐነፊዮች አይወጣም ይላሉ።

ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው የኦቶማን «መጀላህ» ዘጠነኛ መጽሐፉን በሐጅር ይጀምራል። የሰፊህን እገዳ ለዳኛ ሰጥቶ፣ ምክንያቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ ያዛል፤ ታጋጁ ውሳኔውን እስኪሰማ የፈጸመውን ውልም ያጸናል።

በአገራችን የ1936 ዓ.ም. ቁጥር 62 አዋጅም ሆነ የ1992ቱ ቁጥር 188 አዋጅ ለሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ከሰጧቸው ጉዳዮች መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሞግዚትነት በስም ጠቅሰዋል። በአእምሮ ሕመም ምክንያት በፍርድ መከልከል ደግሞ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተደንግጓል። ስለዚህ ልጆች ያረጀ አባታቸውን ይዘው ኢማም ዘንድ ቢመጡና ንብረቱን እንዳያንቀሳቅስ የሚል ወረቀት ቢያስፈርሙ፣ ያ ወረቀት ሐጅር አይደለም። ጠያቂዎቹ ወራሾች ናቸው፤ ኢማሙም ዳኛ አይደለም። እርጅና ብቻውን የእገዳ ምክንያት አይሆንም። አባቱ አእምሮው እስካልተለየው፣ በሞት ሕመምም ላይ እስካልሆነ ድረስ፣ ከዳኛ ውሳኔ በፊት የሰጠው ስጦታ በሻፊዒዮችም በአቡ ዩሱፍም አቋም የጸና ነው።