ከአገልግሎት ወደ ትምህርት፦ የሕዝብ አስተዳደር ዕውቀት በሐርጌሳ

በብዙ አገሮች የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት የተወለደው ከመንግሥት ጓዳ ነው። መንግሥት አስቀድሞ ይቆማል፤ ጸሐፊና ሒሳብ ሹም ያስፈልገዋል፤ እነርሱንም የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ይከፍታል። በኢትዮጵያ የሆነውም ይኸው ነው። በአዲስ አበባ የሕዝብ አስተዳደር ተቋም በ1952 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲመሠረት፣ በመስፋፋት ላይ ለነበረው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሠለጠነ ሠራተኛ እንዲያቀርብ ታስቦ ነበር። በ1995 ሥራ የጀመረው የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅም ለአዲሶቹ ክልሎች ተመሳሳይ አገልግሎት ሰጥቷል። ሐርጌሳ ግን ወደዚህ ትምህርት የመጣችው በሌላ መንገድ ነው። በዚህች ከተማ ሕዝብን ማገልገል በመጀመሪያ ወህኒ የሚያስገባ ድፍረት፣ ቀጥሎ የህልውና ጉዳይ፣ በመጨረሻም የዲግሪ ትምህርት ሆነ።

ብሪታንያ በሶማሊላንድ የነበራት ፍላጎት የተወሰነ ነበር። ከሁሉ በላይ የምትሻው በኤደን ለሰፈረው ጦሯ የሚሆን ሥጋ ነበርና፣ ለትምህርት ያወጣችው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው። ሕዝቡም በበኩሉ የባዕድ ትምህርት ቤት የልጆቹን ሃይማኖት ያስለውጣል ብሎ ይሠጋ ነበር። በ1922 ለትምህርት ማስፋፊያ ጭምር ታስቦ የተጣለው ግብር በቡርዖ ዐመፅ አስነሥቶ አንድ እንግሊዛዊ ሹም ሕይወቱን አጥቷል። ጥርጣሬው ቀስ በቀስ የረገበው እንደ መሐሙድ አሕመድ ዓሊ ያሉ የአገሩ ተወላጅ መምህራን ከሕዝቡ ጋር ተማክረው መሥራት ሲጀምሩ ነው። በ1941 ዋና ከተማነቱን ከበርበራ የተረከበችው ሐርጌሳ ጸሐፊዎቿን በብዛት ያገኘችው ከእነዚህ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ነበር።

ሰኔ 26 ቀን 1960 ነፃነት መጣ። በአምስተኛው ቀን ሶማሊላንድ ከደቡቡ ክፍል ጋር ስትዋሐድ፣ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ አስተዳደርና በጣልያንኛ የሚጻፍ አስተዳደር በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ሶማሊኛ የራሱን ይፋዊ ጽሕፈት ያገኘው ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1972 ነው። ሥልጣኑም በጀቱም ወደ ሞቃድሾ ሄደ፤ ሐርጌሳ ጉዳይዋን ሩቅ አገር ሄዳ የምታስፈጽም የክፍለ ሀገር ከተማ ሆነች።

የሐርጌሳን የሕዝብ አገልግሎት ታሪክ ያለ 1981 መጻፍ አይቻልም። በዚያን ጊዜ የከተማዋ ሆስፒታል በችግር ላይ ወድቆ ነበር። ወጣት ሐኪሞች፣ መምህራንና ሌሎች ባለሙያዎች ተሰባስበው ያጸዱትና ያድሱት ጀመር። የከተማውም ሰው ደገፋቸው፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ሆነ። ዛሬ በትምህርት ክፍል ውስጥ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት መሠረት ተብለው የሚዘረዘሩት ሁሉ፣ የጋራ ዓላማ፣ በጎ ፈቃድ፣ የሕዝብ አመኔታ፣ በእጃቸው ነበሩ። የጎደላቸው የመንግሥት ፈቃድ ብቻ ነበር።

ወጣቶቹ «ኡፎ» የሚል ጽሑፍም ያሰራጩ ነበር፤ ቃሉ በሶማሊኛ ከዝናብ በፊት የሚነሣውን ነፋስ ያመለክታል። የዚያድ ባሬ መንግሥት ሥራቸውን እንደ ሤራ ቆጥሮ በዚያው ዓመት መጨረሻ አሰራቸው። የካቲት 20 ቀን 1982 የችሎታቸው መሰማት ሲጀምር የሐርጌሳ ተማሪዎች ድንጋይ እየወረወሩ አደባባይ ወጡ፤ ወታደሮችም ተኮሱባቸው። ከተከሳሾቹ ብዙዎቹ ረጅም እስራት ተፈርዶባቸው በላባታን ጂሮው ወህኒ ለየብቻ ተዘጉ። ሐኪሙ አደን አቦኮር በዚያ ሳሉ የቶልስቶይን «አና ካሬኒና» ግድግዳ በማንኳኳት ፊደል በፊደል ለጎረቤታቸው ለመሐመድ ባሩድ አነበቡላቸው። የተፈቱት በ1989 ነው። አቦኮር ከዚያ ሁሉ በኋላ በሐርጌሳ መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ውስጥ ወደ ሕዝብ ሥራ ተመልሰዋል።

እነርሱ ሲፈቱ ግን የጠገኑባት ከተማ ፈርሳ ነበር። በ1988 የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሐርጌሳ ሲገቡ፣ መንግሥት ከከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በተነሡ አውሮፕላኖች ከተማዋን ራሷን ደበደበ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ድንበር ተሻግረው ኢትዮጵያ ገቡ፤ በጅጅጋ አቅራቢያ የነበረው የሐርትሼክ ካምፕ በዓለም ከታወቁት ግዙፍ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። የተዘጋውም በ2004 ነው።

ግንቦት 18 ቀን 1991 በቡርዖ ነፃነት ሲታወጅ አዲሱ አስተዳደር ግምጃ ቤትም መዝገብም አልነበረውም። በ1993 ለወራት የዘለቀውን የቦራማ ጉባኤ በአመዛኙ የደገፈው የአገሩ ሕዝብ ነው። ጉባኤው መሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋልን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ፤ ለጎሣ ሽማግሌዎችም በመንግሥት ውስጥ ቋሚ ቦታ ሰጠ። የትምህርት ተቋማትም የተነሡት በዚሁ መንገድ ነው። የአሙድ ዩኒቨርሲቲ በ1998 በቦራማ፣ የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ሲከፈቱ የነዋሪውና የዲያስፖራው መዋጮ ምሰሶ ሆኗቸዋል። ኤድና አደን ኢስማኢልም የግል ጥሪታቸውን አፍስሰው በ2002 ለትርፍ ያልቆመውን የእናቶች ሆስፒታል ከፈቱ። የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያሠለጥነው የሲቪል ሰርቪስ ተቋም በሐርጌሳ የተመሠረተው በ2005 ነው። ብዙም ሳይቆይ አድማስን የመሰሉ የኢትዮጵያ የግል ኮሌጆች በከተማዋ ቅርንጫፍ ከፈቱ፤ በ1988 ስደተኛ የተሻገረበትን ድንበር አሁን መምህር ተሻገረበት።

የሕዝብ አገልግሎትና ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች አመራር በዚህች ከተማ ጎን ለጎን መጠናታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1991 በኋላ ሶማሊላንድ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ያለ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ስለ ቆየች መንግሥቷ እንደ ሌሎች መንግሥታት ከዓለም አቀፍ የገንዘብ ተቋማት መበደር አልቻለም። ስለዚህም ክሊኒኩን፣ የውኃ ጉድጓዱንና ትምህርት ቤቱን በከፊል የተሸከሙት የውጭና የአገር ውስጥ ድርጅቶች ናቸው። የመንግሥትንና የድርጅቶቹን ድንበር ለመለየት በ2010 መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሕግ ወጣ። ኢትዮጵያም በ2009 ባወጣችው ጥብቅ አዋጅ፣ በኋላም በ2019 በተካው ለዘብተኛ ሕግ፣ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ታግላለች።

ከዚህ ሁሉ የሚወለድ አንድ ፈተና አለ። በጀት ማዘጋጀት፣ ኦዲት ማስደረግና ሪፖርት መጻፍ የተማረ ወጣት፣ ደመወዙ ወደሚሻልበት የውጭ ድርጅት ማዘንበሉ የሚጠበቅ ነው። የመንግሥቱ ጠረጴዛ ባዶ ይቀራል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅም ክሊኒኩን የሚረከብ ይጠፋል። ጉዳዩ ሪፖርቱ ለማን ይጻፋል ወደሚለው ጥያቄ ይመለሳል፤ ገንዘቡን ለሰጠው ወይስ በክሊኒኩ በር ለቆመችው እናት?

የ1981ዎቹ ወጣቶች ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራቸው። የሚያንጹት የራሳቸውን ከተማ ሆስፒታል ነበርና፣ ሒሳባቸውን የሚጠይቃቸው በየመንገዱ የሚያገኙት ጎረቤት ነበር። ዛሬ ዲግሪው የሰጠው እነርሱ ያልነበራቸውን ሕግና የአሠራር ዘዴ ነው። ጎረቤቱን የሒሳብ ጠያቂ አድርጎ ማቆየት ግን አሁንም የተመራቂው ፈንታ ነው።